በባዶ ሆድ 112 ወጣ፤ ስኳር ጀመረኝ ማለት ነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጠዋት ምንም ሳይቀመስ በቤት መለኪያ 112 ወጣ፣ በማግስቱ ደግሞ 98። የትኛውን ልመን? ጾም ላይ ስለሆንኩ የምግቡንም ነገር ብትነግሩኝ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የቤት መለኪያ ከላብራቶሪው ውጤት እስከ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ብልሽት አይባልም። በጣት ደም ብቻ ስኳር አለብዎት አይባልም፤ ከክንድ ደም ሥር ተወስዶ በላብራቶሪ መሠራት አለበት። ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ ይሂዱ። ውኃ ይጠጡ፤ ቡናና ሻይ ግን ያለ ስኳርም ቢሆን ይቅር። ከ100 በታች ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር (ወደ ስኳር በሽታ ሊያመራ የሚችል ደረጃ)፤ 126ና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ ሲገኝ ስኳር ይባላል። መለኪያው ከአውሮፓ ተልኮ 6.2 ዓይነት ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ በሌላ አሃድ ስለሚለካ ነው፤ በ18 ያባዙት።

ሲለኩ እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ብርቱካን ልጦ ሳይታጠብ የሚለካ ሰው የፍሬውን ስኳር ጨምሮ ነው የሚለካው። አልኮል ከቀቡ እስኪደርቅ ይጠብቁ። የሚወጋው የጣት ጎን ነው፣ ሕመሙ ይቀንሳል። ስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ወረቀት) የሚቀመጥበት ዕቃ ክፍት ካደረ እርጥበት ያበላሸዋል።

ነርስ፦
ኤ ዋን ሲ የሚባለውን የደም ምርመራም ያሠሩ፤ ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ የስኳር አማካይ ያሳያል፣ መጾምም አያስፈልገውም። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር ነው። የደም ማነስ ካለብዎት ግን አስቀድመው ይናገሩ፣ ውጤቱን ያዛባዋል። ውኃ ጥም፣ ሽንት ማብዛትና ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይታዩ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
ከሻይ ይጀምሩ። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ማለት 48 ግራም ገደማ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል ከ25 ግራም ባይበልጥ ይላል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ቢሄዱ ምላስም ይለምደዋል።

የጾም ምግብ እኮ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ። ጣጣው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በአንዴ መብላቱ ላይ፣ በተለይ ፓስታ በዳቦ ወይም ድንች ወጥ በእንጀራ ሲሆን ነው፤ ሁለቱም ስታርች፣ ማለትም ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጥ ምግብ ናቸው። የሳህኑን ግማሽ ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡን ምስር ወይም ሽሮ፣ ሩቡን እንጀራ ያድርጉት። አትክልቱንና ምስሩን ቀድመው፣ እንጀራውን ኋላ ቢበሉ ስኳሩ በዝግታ ይወጣል። ፍትፍት ስንት እንጀራ እንደገባበት አያስታውቅም፤ ለጊዜው ይተውት። ማንጎውንም ጨምቀው ሳይሆን እንዳለ ይብሉት።

ጠያቂ፦
ቀይ ጤፍ ብቻ ብበላስ?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
ቀይም ነጭም ብዙው ስታርች ነው። ቀለሙን ሳይሆን መጠኑን ይቀንሱ፤ ከበሉም በኋላ 15 ደቂቃ ይራመዱ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች 7 በመቶ ክብደት ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲሠሩ ወደ ስኳር በሽታ የመሄድ ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ሜትፎርሚን ከሚባለው የስኳር በሽታ ኪኒን ውጤት ይበልጣል፤ የእሱ 31 በመቶ ነበር።