6 ኪሎ ፍሬሽ ነኝ፣ ግቢ ውስጥ ምን ፕሮግራም እንዳለ የምታውቁት ከየት ነው?

ፍሬሿ_ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 6 ኪሎ ግቢ ፍሬሽ (የአንደኛ አመት ተማሪ) ነኝ፣ ሶሻል፣ ከደሴ ነው የመጣሁት፣ አዲስ አበባን ገና አለመድኳትም። ጥያቄዬ ቀላል ነው ግን ዶርም ውስጥ ማንን ብጠይቅ ሁሉም እንደኔው ፍሬሽ ነው።

ስልኬ ላይ ስንት የቴሌግራም ግሩፕ እንዳለ ፈጣሪ ይወቀው፣ የሴክሽን አለ፣ የባች አለ፣ የብሎክ አለ፣ ማን እንደከፈተው የማይታወቅ ደሞ አለ፣ ከሱ ስር "ዋናው ይሄ ነው ያኛው ፌክ ነው" የሚል ሌላ አለ። ቀኑን ሙሉ ይጮሃሉ ግን ብትከፍቱት ግማሹ ያገለገለ ላፕቶፕ ሽያጭ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የሃንድአውት ፒዲኤፍ፣ ከዛ ጥቅስ። ባለፈው አንዱ ላይ "የመታወቂያ ፎቶ መነሻ ነገ ያበቃል" ይላል ሌላው ላይ "ተራዝሟል" ይላል፣ ኮሜንት ውስጥ ገብቼ ሳይ ሰው እየተሰዳደበ ነው እንጂ የሚመልስ የለም። የቱን ልመን?

ሌላው ደሞ ከክላስ ውጪ ያለው ነገር ነው። ግጥም አለ ይባላል፣ ኤግዚቢሽን አለ ይባላል፣ እኔ ግን የምሰማው ሰው ስቶሪ ላይ ፎቶ ሲለጥፍ ነው። አራት አመት ሙሉ ዶርም ካፌ ክላስ እያልኩ መመረቅ አልፈልግም። የቆያችሁ ልጆች ባካችሁ የሚያዋጣውን ንገሩኝ፣ ብር የማያስወጣ ከሆነ ደሞ የበለጠ ደስ ይለኛል 😅

ሬፕ_ነበርኩ

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ሌላ ግቢ ነው የተማርኩት፣ የክላስ ሬፕ (ተወካይ) ስለነበርኩ ግን የማስታወቂያ ጣጣ በደንብ አውቃለሁ፣ የትም ሂጂ አንድ ነው። ማስታወቂያ ማለት ማህተም፣ ፊርማ፣ ቀን እና የደብዳቤ ቁጥር ያለው ወረቀት ነው። በስልክ ፎቶ አንስተው ሲለጥፉት እንኳን ማህተሙ ጥግ ላይ ይታያል። ማህተም የሌለው፣ "አስቸኳይ" ብሎ ጀምሮ በሶስት ቀይ አምፖል የሚያልቅ ነገር ካየሽ አንብቢው፣ ግን እንቅልፍሽን አታጪበት።

ደሞ ሰው የማያየው ነገር፣ ዓመተ ምህረቱን እዪ። የአምና ማስታወቂያ በየአመቱ ከመቃብር ይነሳል። እውነተኛ ነው፣ ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የ2016 ነው ግን፣ አንዱ ከጋለሪው አውጥቶ 2018 ላይ ይለጥፈዋል ከዛ ግሩፑ በሙሉ ወደ ሪጅስትራር ይሮጣል። "ያበቃል" እና "ተራዝሟል" የሚለው ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ሁለቱም ልጆች ትክክለኛ ወረቀት ይዘዋል ግን የተለያየ አመት ነው።

ብር ያለበት ነገር ላይ ደሞ በጣም ተጠንቀቂ። በግለሰብ ስም አካውንት ወይ በሰው ስልክ ቁጥር ቴሌብር ላኩ የሚል ምዝገባ የለም፣ በቃ የለም። የፖርታል ፓስወርድሽን የሚጠይቅሽ ቦትም እንደዛው፣ ብሎክ።

እና ሬፓችሁን ተወዳጂው። ዲን ቢሮ የሚጠራው መጀመርያ ሬፕ ነው። ግሩፕ ላይ ሲጠይቁት የማይመልሰው በቀን መቶ ሰው ስለሚጠይቀው ነው፣ በአካል አግኝተሽ ብትጠይቂው ግን ሁሉንም ይነግርሻል።

ጂሲ_በመከራ

ወይ ፍሬሽ መሆን ደጉ ዘመን። ሬፕ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ስለ መዝናናቱ ልንገርሽ።

ቴሌግራም ትተሽ የካፌ በር እዪ። ወረቀት አሁንም አልሞተም። ካፌ መግቢያው ላይ ሰልፍ ስትይዢ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አንብቢ፣ የድራማ ኦዲሽን፣ የዲፓርትመንት ኳስ፣ የክለብ ምዝገባ፣ ቅዳሜ የሚደረግ ውይይት፣ ሁሉም እዛ አለ፣ ሽሮሽን እስክትቀበዪ ጊዜውም አለሽ። ሌላው ላውንጅ ውስጥ ማኪያቶ ይዘው ረጅም ሰአት የሚቀመጡት ሲኒየሮች ናቸው፣ ክላስ አይገቡም ግን ግቢ ውስጥ የማያውቁት ነገር የለም።

እስከዛሬ በሰአቱ ሲጀመር ያየሁት ፕሮግራም ደሞ የሃይማኖት ልጆቹ ያዘጋጁት ብቻ ነው፣ ግቢ ጉባኤም ይሁን ፌሎም ይሁን ጀመዓም። ለፍሬሽ የአቀባበል ፕሮግራም ያደርጋሉ፣ ሲኒየር ይመድቡልሻል፣ የአምና ፈተና ሳይቀር ያቀብሉሻል። ሌላው ክለብ "8 ሰአት" ካለሽ 9 ተኩል ላይ ማይክ እየሞከሩ "ሄሎ ሄሎ ቼክ" ሲሉ ነው የምትደርሺው።

ወደ አመቱ መጨረሻ ደሞ የኛ የጂሲዎች (የተመራቂዎች) ትርምስ አለ። አንድ ቀን ሁሉም ሱፍ ለብሶ ይመጣል፣ አንድ ቀን የባህል ልብስ፣ አንድ ቀን ቀለም መረጫጨት፣ ነጭ ቲሸርት ላይ መፈራረም። ቲሸርቱ ላይ የሚጻፈውን ስድብ እናቴ እንዳታይብኝ መደበቂያ እየፈለግኩ ነው። ለፍሬሽ ማየት ነጻ ነው፣ ለኛ ግን የሱፍ፣ የመጽሔት፣ የቲሸርት እየተባለ ኪሳችን ባዶ ነው፣ ቀድመሽ ማጠራቀም ጀምሪ ብዬሻለሁ። ደሞ ከዛ በፊት ኤግዚት ኤግዛም አለ፣ ከ2015 ጀምሮ 50 ካልመጣ ዲግሪ የለም፣ ስለዚህ የምንጨፍረው በግማሽ ልብ ነው።

ሰአት_ቆጣሪው

ማንም ያላነሳው ነገር፣ ሰአትና ቀን። እኔ ክልል ነው ያለሁት፣ ግቢዬን አልጠራም። አንድ ጊዜ ሜካፕ ፈተና (ላመለጠው በድጋሚ የሚሰጥ) "ማክሰኞ 8:00" ተብሎ በእንግሊዝኛ ተለጠፈ፣ ኤኤም የለው ፒኤም የለው። ግማሹ ክላስ ጠዋት 2 ሰአት ላይ ተገኘ፣ ግማሹ ተዝናንቶ ምሳውን በልቶ በ8 ሰአት እስክሪብቶ ይዞ መጣ። መምህሩ ጠዋት ፈትኖ ሄዷል። ከዛ በኋላ የነበረውን ጭቅጭቅ ተዉት፣ ለሜካፕ ሜካፕ ተሰጠ።

ስለዚህ በአማርኛ ከተጻፈ የኛ ሰአት ነው ብለሽ ያዢ፣ ኤኤም ፒኤም ካለው ስድስት ሰአት ቀንሺ ወይ ጨምሪ፣ በእንግሊዝኛ ሆኖ ምንም ከሌለው ግን ጠይቂ፣ አታፍሪ። የውጭ ባህል ተቋማት ፕሮግራም ላይ 18:00 ካለ ማታ 12 ሰአት ማለት ነው።

ቀኑም እንደዛው ነው። አካዳሚክ ካላንደሩን ስታዪ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እዪ። ጥምቀት በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ነው ብለሽ ስልክሽ ላይ ለሁልጊዜ ብትሞዪው 2016 ላይ ይሸውድሽ ነበር፣ ምክንያቱም የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች አመቱ በሴፕቴምበር 12 ገባ፣ እስከ ፌብሩዋሪ ማለቂያ ሁሉም በዓል በአንድ ቀን ተገፋ፣ ጥምቀትም 20 ላይ ዋለ። በየአራት አመቱ ይሄ ነገር አለ፣ ቀጣዩ 2020 ሲገባ ነው። የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ ጫኚና ተገላገዪ።

የድሮ_6_ኪሎ

ልጆች ሳነብ ቆየሁና መጻፍ አማረኝ። እኔ የጨረስኩት በዘጠናዎቹ ነው። ያኔ ቴሌግራም የለ ምን የለ፣ ሁሉ ነገር ኖቲስ ቦርድ ላይ ነበር፣ ወረቀት በወረቀት ላይ እየተለጠፈ ቦርዱ እንደ ፍራሽ ይወፍራል። ግሬድ በአይዲ ቁጥር ይለጠፍ ነበር፣ ማታ በባትሪ እየሄድን እናያለን፣ በጣታችን ከላይ እስከ ታች ቁጥራችንን እየፈለግን። ኤፍ ያገኘ ልጅ አንዳንዴ ወረቀቱን ገንጥሎት ይሄዳል፣ በማግስቱ መቶ ሰው ግሬዱን ሳያይ ይውላል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ ልጄ። አንቺ ፕሮግራም እየፈለግሽ ነው ግን የምትኖሪበት ግቢ ራሱ ኤግዚቢሽን ነው። ቤተ መንግስት ነበር እኮ፣ ገነተ ልዑል። ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተውት 1954 ላይ ነው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስም የተመረቀው። አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት ህንጻ ውስጥ የንጉሱ መኝታ ክፍል ሳይቀር ይታያል። ፊት ለፊቱ ጣልያን የሰራው ወደ ሰማይ የሚወጣ ደረጃ አለ፣ የትም አያደርስም፣ ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ስንቱ ተማሪ አራት አመት ሙሉ እዛ ጋ ፎቶ ተነስቶ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይወጣል።

የካቲት 12 ጠዋት ደሞ ክላስ ይኑርሽ አይኑርሽ አደባባዩ ጋ ውጪ። አርበኞች ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ አንዳንዱ የአንበሳ ጎፈር አድርጎ ይመጣሉ፣ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ማርሽ ይመታል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በ1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እኮ ሌላ ቦታ አይደለም፣ አንቺ በየቀኑ ሃንድአውት ይዘሽ በምትመላለሺበት ግቢ ውስጥ ነው፣ ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ህዝብ በተሰበሰበበት። ከዛ በኋላ ከተማው ላይ ሶስት ቀን የወረደውን ሃውልቱ ላይ ተቀርጾ ታዪዋለሽ። በየአመቱ ዶርም ውስጥ ተኝቶ የሚያሳልፈው ተማሪ ሁሌ ያናድደኛል።

ጥር 10 ደሞ ከተራ ነው፣ ጃንሜዳ ከግቢሽ በእግር ነው፣ ከተማው በሙሉ ታክሲ አጥቶ ሲንገላታ አንቺ ነጠላሽን አድርገሽ ትወጫለሽ። ለጓደኞችሽ ቀድመሽ ቦታ የመያዝ ኃላፊነት ያንቺ ነው 😄

ስለ ጥበቡ ደሞ፣ ባህል ማዕከሉ ጋ እየሄድሽ ምን አለ ብለሽ ጠይቂ፣ በአካል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፣ ተማሪዎቹ ኮንሰርት ያቀርባሉ። አለ ፈለገ ሰላም የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደሞ ተመራቂዎቹ በአመቱ መጨረሻ ስራቸውን ያሳያሉ፣ ነገ ስማቸው የሚጠራ ሰዓሊዎችን ቀድሞ ማየት ነው። ጎተም (የጀርመን ባህል ተቋም) እዛው 6 ኪሎ ነው፣ ብዙ ጊዜ በነጻ ፊልምና ሙዚቃ አለው። 5 ኪሎ ብትወርጂ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ አለች፣ 4 ኪሎ ሳይንስ ግቢ የእንስሳት ሙዚየም አለ። ይሄን ሁሉ በእግርሽ ነው የምትደርሺው፣ መታወቂያሽን ብቻ አትርሺ፣ ጥበቃ ፊትሽን አይቶ አያስገባሽም።

ፍሬሿ_ከደሴ

እንዴ በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም 🙏 ጋሼ የድሮ 6 ኪሎ፣ ደረጃው ላይ እኔም ፎቶ ተነስቻለሁ፣ ፕሮፋይሌ ነው 😭 ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ሬፓችንን ነገ በአካል አገኘዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት ደም ለግሱ የሚል ወረቀት አይቻለሁ፣ ድንኳን ይተከላል ይላል፣ ማህተም አለው ቀኑም የዘንድሮ ነው (ሬፕ ተመልከት ተምሬያለሁ)። መስጠት ፈልጌ ነበር ግን ቀጭን ነኝ፣ ጓደኞቼ "ወድቀሽ ታስቂናለሽ" እያሉኝ ነው። ማንም ሰው መስጠት ይችላል?

ጥቁር_አንበሳ_ሰፈር

ህክምና ተማሪ ነኝ፣ ይሄኛውን ለኔ ተዉት። እድሜሽ 18 ከሞላ፣ ክብደትሽ 45 ኪሎና ከዛ በላይ ከሆነ፣ ደህና ከሆንሽ ትሰጫለሽ። ከመስጠትሽ በፊት ጣትሽን ወጋ አድርገው ሄሞግሎቢን ያያሉ፣ ግፊት ይለካሉ፣ ጥያቄ ይጠይቁሻል፣ ካልሆነ እነሱው ይመልሱሻል፣ ስለዚህ በግምት ራስሽን አታስቀሪ። የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው፣ ከምዝገባው እስከ ብስኩቱ ድረስ ከካፌ ሰልፍ ያንሳል። በሶስት ወር አንዴ መስጠት ይቻላል።

ቁርስ ሳትበዪ ግን አትሂጂ፣ ውሃም ጠጪ፣ ግቢ ውስጥ የሚወድቁት እኮ ቀጫጮቹ አይደሉም፣ ሌሊቱን ስፔስ (ማጥኛ ክፍል) አድረው ባዶ ሆዳቸውን የሚመጡት ናቸው። ከሰጠሽ በኋላም ትንሽ ጋደም በይ፣ ተነስተሽ ለፎቶ አትሩጪ።

ከድንኳኑ ስትወጪ የደም አይነትሽን የምታውቂበት ካርድ ጠይቂ፣ ብዙ ልጅ እሱን ሳይወስድ ይሄዳል።

ፍሬሿ_ከደሴ

47 ኪሎ ነኝ!! እሄዳለሁ በቃ። ጠዋት 3 ሰአት ነው የሚለው፣ በአማርኛ ነው የተጻፈው።

ጂሲ_በመከራ

3 ሰአት ካለ 4 ላይ ነው ድንኳኑ የሚተከለው፣ ቁርስሽን ቀስ ብለሽ ብዪ።

ጥቁር_አንበሳ_ሰፈር

ኧረ የደም ባንክ ሰዎች እንዳንተ ክለብ አይደሉም፣ በሰአትሽ ሂጂ።