ለሁለት ግራፊክስ ካርድ ስንት ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል?

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ነው የምኖረው። ለጌም የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ፣ ኮር አይ7 8700ኬ ፕሮሰሰርና ያገለገለ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) አለ። ካርዶቹን አንድ በአንድ አጠራቅሜ ስለገዛኋቸው እንዲቃጠሉብኝ አልፈልግም።

ችግሩ እንዲህ ነው። በአንዱ ካርድ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ብጫወት ምንም አይሆንም። ሁለቱን አንድ ላይ ሳሠራ ግን ከባድ ጌም በተከፈተ በ10 ደቂቃ ውስጥ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ የስህተት መልእክት የለም። ካርዶቹን አቀያይሬ ለየብቻ ሞከርኳቸው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘውን) አውጥቼ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ ያው ነው። ሁለት ራስ ባለው አንድ ገመድ ፈንታ ለእያንዳንዱ ማገናኛ የራሱን ገመድ ሰጠሁት፤ ትንሽ ቆየና ጠፋ። የካርዶቹን የኃይል ገደብ ወደ 70 ፐርሰንት ሳወርደው ብቻ ነው የሚጸናው።

ሂሳቡ ግራ አጋባኝ። እያንዳንዱ ካርድ 250 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 95፣ ድምሩ 595 ነው፤ ማዘርቦርዱና ዲስኩ ቢጨመሩም ከ750 በታች ነው። ካርዶቹ ለቅጽበት ከተጻፈላቸው በላይ እንደሚስቡ አንብቤያለሁ፤ እኔም የምጠረጥረው እሱን ነው።

አሁን በአንድ ዋጋ ሁለት ምርጫ አግኝቻለሁ፦ አዲስ 850 ዋት ጎልድ (ኃይል ባለማባከን ደረጃው) ከነዋስትናው፣ ወይም ያገለገለ 1200 ዋት ያለ ዋስትና። የሰፈራችን መብራት ሄድ መጣ የሚል መሆኑን አስባችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትገዙ ነበር?