ጥቆማ፦ ዳናክል ላይ ራሴን በራሴ ለማንሳት ትሪፖድ ልግዛ ወይስ ልከራይ?

ቆላ ወራጅ
ሰላም ቤቶች፣ በጥር ከግሩፕ ጋር በሰመራ በኩል ወደ ዳሎልና ወደ አሳሌ ጨው ሐይቅ እንሄዳለን፣ መንገዱ ከፈቀደ ኤርታሌም አለ። ራሴን በራሴ ማንሳት ነው የምወደው፣ ሰው ሲያነሳኝ ወይ እግሬን ይቆርጠዋል ወይ አድማሱን ያጣምመዋል። ስልኬንም ሚረርለስ ካሜራዬንም የሚሸከም ትሪፖድ ከነሪሞቱ አዲስ አበባ የት ልግዛ? ወይስ ቦሌ አካባቢ ከሚያከራዩት ልከራይ? እባካችሁ የሞከራችሁ ብቻ መልሱልኝ።

ጀበና በረንዳ
መገናኛ ካሜራ የሚሸጠው ልጅ ጋር ሂጂ፣ አይንሽን ጨፍነሽ። እኔ ከሱ ውጪ ከማንም አልገዛም።

ቆላ ወራጅ
እሺ፣ የቱን ትሪፖድ ነው ከሱ የገዛኸው?

ጀበና በረንዳ
ትሪፖድ እንኳን አልገዛሁም፣ ሚሞሪና ቦርሳ ነው። ግን ልጁ ታማኝ ነው፣ ስልሽ።

ሰባተኛ ልጅ
መከራየት የሚባለውን ተዪው እህቴ። እኔ ከአንድ ሱቅ ተከራይቼ ወጣሁ፣ ጠንካራ ነው ብለው ምለው ነው የሰጡኝ፣ የስልክ መያዣው ፕላስቲክ ነበር፣ ገና ንፋስ ሲነካው ከአንገቱ ተቀነጠሰና ስልኬ በፊቱ ጨው ላይ ተደፋ። ስመለስ ይቅርታ እንደመጠየቅ "አንተ ነህ የሰበርከው" ብለው ማስያዣዬን አስቀሩ፣ መታወቂያዬንም ስንት ተመላልሼ ነው የተቀበልኩት። እስካሁን ያናድደኛል።

ፀሐይ ግባት
የት ነው ሱቁ? ስሙን ጻፈው እንጂ!

ሰባተኛ ልጅ
ስም አልጠራም፣ ጣጣ አልፈልግም።

የኔ ዓለም
ውል ፈርመህ ነበር? ስትረከብ ቪዲዮ አላነሳህም? እኔ መኪና ስከራይ ጭረቱን ሁሉ ቀርጬ ነው የምወስደው። ደግሞ መታወቂያ ለማንም አይሰጥም፣ ኮፒ ነው የሚሰጠው።

ሰባተኛ ልጅ
ኮፒ አንቀበልም አሉ እኮ! ምን ላድርግ?

ልበ ብርሃን
ልጅቷ የጠየቀችው ትሪፖድ፣ እዚህ የተከፈተው ችሎት። ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው?

ዳገት ወዳጅ
ለምን ድሮን አትይዢም? ከላይ ስትነሺ ነው የዳሎል ቀለም የሚታየው።

ፀሐይ ግባት
ድሮን ያለ ኢንሳ ፈቃድ እንዳትሞክሪ፣ ከውጭ ይዘው የሚመጡትን እንኳን ኤርፖርት ላይ ያስቀሩባቸዋል።

ሦስት እግር
ሱቁን ተዉትና ዕቃውን እንይ፣ እኔ ለፎቶ ሥራ አፋር እመላለሳለሁ። ቀጭን የስልክ ስታንድ ለአሳሌ ንፋስ አይሆንም። መሃሉ ላይ መንጠቆ ያለው ፈልጊና ቦርሳሽን አንጠልጥዪበት፣ ግን ቦርሳው መሬት ነካ ይበል፣ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ንፋሱ እያወዛወዘ እሱ ራሱ ይጥለዋል። የመሃሉን ዘንግ አታስረዝሚው። ከሐይቁ ዳር ስስ ውሃ ላይ ስትተክዪው እግሮቹን ፌስታል አልብሰሽ በላስቲክ እሰሪያቸው፣ ያ ውሃ ሲደርቅ ጨው መገጣጠሚያው ውስጥ ይጋገርና እግሩ አልከፈትም አልዘጋም ይላል፣ ካምፕ ላይ ደግሞ ለማጠቢያ የሚተርፍ ውሃ የለም።

ዳሎል ላይ ግን የሰዓት ቆጣሪውን እርሺው፣ ይሄን ከልቤ ነው የምልሽ። በ10 ሰከንድ ሮጠሽ ቦታሽ ልትደርሺ ስትይ የምትረግጪው ስስ ቅርፊት ነው፣ ከሥሩ የሚፈላ አሲድ አለ። ጋይዱ ያልረገጠውን አትርገጪ፣ ፍሬም ለማስተካከልም ወደ ኋላ አትራመጂ። ካሜራው ኢንተርቫል ካለው በየሦስት ሰከንዱ ራሱ ያንሳ፣ አንቺ ረጋ ብለሽ ሂጂ። ፎከሱን ደግሞ የምትቆሚበት ቦታ ላይ ቦርሳ አስቀምጠሽ እሱ ላይ ያዢና ወደ ማንዋል ቀይሪው። ጨዉ ነጭ ስለሆነ ካሜራው ይሳሳትና ፊትሽን ያጠቁረዋል፣ ኤክስፖዠሩን (የብርሃን ማስተካከያውን) ወደ +1 ወይ +1.5 ከፍ አድርጊ።

ስልክሽ አይፎን ከሆነ የተሠራው እስከ 35 ዲግሪ ላለ ሙቀት ነው፣ እዛ ደግሞ በጥርም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ከዛ ያልፋል። ፀሐይ ላይ ተተክሎ ሲቆይ መጀመሪያ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ከዛ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ይቆማል። በአንዱ ቀረጻና በሌላው መሃል ነጭ ነጠላ ጣል አድርጊበት፣ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ግን አታስገቢው፣ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ጠዋት ጎህ ሲቀድና ማታ ብታነሺ ለስልኩም ለአንቺም ይሻላል።

የኔ ዓለም
ሰንስክሪንስ የቱ ይሻላል? እኔም ልሄድ ነው።

ዳገት ወዳጅ
ኤርታሌ ግን አሁን ይኬዳል? ጎረቤቱ እሳተ ገሞራ ሀይሊ ጉቢ ኅዳር 2018 ላይ ከፈነዳ በኋላ የሚያውቅ አለ?

ሦስት እግር
ከመነሳታችሁ በፊት ሰመራ ደውላችሁ አረጋግጡ። አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለብሰው ነበር፣ ለከብቶቻቸውም ግጦሽ ጠፍቶ ነበር። አመዱ የደቀቀ መስታወት ማለት ነው፣ ሌንስሽ ላይ ካረፈ በጨርቅ እንዳትጠርጊው፣ መጀመሪያ በመንፊያ አራግፊው። ሌንስም ሜዳ ላይ አትቀይሪ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ጨው ቆራጮቹና የግመል ቅፍለቱ ሲያልፉ ሳትጠይቂ ከኋላሽ አድርገሽ አታንሺያቸው፣ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ በጋይዱ በኩል አስጠይቂ።

ጀበና በረንዳ
ይሄን ሁሉ መገናኛ ያለው ልጅ ቁጭ አድርጎ ያስረዳሻል።

ሰባተኛ ልጅ
የኔንም ስልክ የሸጠልኝ "ታማኝ" ነበር።

ፀሐይ ግባት
እኔ ብረቱን ትሪፖድ ከመርካቶ አሮጌ ገዝቼ ነው የምጠቀመው፣ ይከብዳል ግን አይወድቅም። ስትገዢ እያንዳንዱን እግር ዘርግተሽ በእጅሽ ጫን በዪው፣ የሚንሸራተት ካለ ተመለሺ።

ልበ ብርሃን
የብሉቱዝ ሪሞት ትርፍ አለኝ፣ ለጉዞው ወስደሽ መመለስ ትችያለሽ፣ ማስያዣ አልጠይቅም። ውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ቆላ ወራጅ
ተባረኩ ቤቶች! ባትሪው ምን ዓይነት ነው?

ልበ ብርሃን
ሳንቲም የምታክለዋ 2032 ናት። ትርፍ ከአዲስ አበባ ያዢ፣ በረሃ ከገባሽ በኋላ አታገኚም።

ዳገት ወዳጅ
ይሄው ሪሞት ለወንጪም ይሆናል?