ከአባቴ ጋር 5 ቀን ኡጋንዳ፣ ሹቢል ለማየት ማባምባ ይሻላል?

የሐዋሳ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ኡጋንዳ የሄደ ወይም እዛ የሚኖር ካለ እባካችሁ እርዱኝ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምር ኖሮ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ወፍ ማየት ነፍሱ ነው፣ ልጅ ሆነን እሁድ እሁድ አሞራ ገደል ይዞን ይወርድና አባ ኮዳውን ይብራውን እያሳየ ስም ያስጠናን ነበር። እኔ ዱባይ ነው የምሠራው፣ ጥር ላይ ፈቃድ አለኝ፣ እሱ ከአዲስ አበባ ይመጣና ኢንቴቤ ላይ እንገናኛለን። ከሁሉ በላይ ማየት የሚፈልገው ሹቢል የሚባለውን፣ ያ ምንቃሩ የእንጨት ጫማ የሚመስለውን ወፍ ነው፣ ድሮ በእርሳስ ስሎት ሳሎን ለጥፎት ነበር እስካሁን አለ። ችግሩ ጉልበቱን ያመዋል ብዙ መራመድ አይችልም። ማባምባ የሚባለው ረግረግ በጀልባ ነው የሚገባው ይላሉ፣ ጀልባው ለትልቅ ሰው ይመቻል? ደሞ በ5 ቀን መርቺሰን ፏፏቴንም ጎሪላውንም ማየት ይቻላል ያሉኝ አሉ፣ እውነት ነው?

ካምፓላ ነዋሪ፦
እህቴ አባትሽ ታድለዋል እንዲህ የምታስብላቸው ልጅ ስላለቻቸው። እኔ ማባምባ 4 ጊዜ ሄጃለሁ፣ 3ቱን አይቼዋለሁ አንዱን ግን አልቀናኝም ስለዚህ የመጨረሻ ቀን ላይ አታድርጊው፣ ሁለተኛው ቀን ላይ አድርጊውና ካልተገኘ መመለሻ ጊዜ ይኑርሽ። ከኢንቴቤ በመኪና ዞራችሁ እስከ ወደቡ ድረስ መሄድ ትችላላችሁ፣ ወይም ኢንቴቤ ካለው ናኪዎጎ ከሚባለው ወደብ በሞተር ጀልባ ሐይቁን ማቋረጥ፣ ለጉልበታቸው መኪናው ይሻላል ባይ ነኝ። ከዛ በኋላ ያለው ቁጭ ብሎ ነው፣ ግን መቀመጫው ጣውላ ነው መደገፊያ የለውም፣ ትራስ ያዢላቸው፣ ሲወጡና ሲወርዱ ደሞ አንድ ሰው ክንዳቸውን ይያዝ ጀልባው ይወዛወዛል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ውሃው ላይ ብትሆኑ ጥሩ ነው። ግራና ቀኝ ደንገል ነው፣ ያው ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ መሃሉ ጠባብ የውሃ መንገድ አለ፣ ሞተሩ ይጠፋና በእንጨት እየገፉ ይገባሉ። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ወፍ አልመሰለኝም፣ ግራጫ ነገር ቁመቱ ከ1 ሜትር በላይ፣ ሣሩ ውስጥ እንደተተከለ ቆሟል፣ ያ ቢጫ ዓይኑ ብቻ ነው ሕይወት ያለው የሚመስለው። ወደ 40 ደቂቃ ጠበቅን እግሩን እንኳን አላነሳም። ከዛ በአንድ ጊዜ ሰውነቱን እንዳለ ወደ ፊት ወርውሮ ውሃው ላይ ወደቀ፣ ክንፉን ተደግፎ ሲነሳ አፉ ሣርና ጭቃ ሞልቷል፣ ሣሩን በምንቃሩ ጠርዝ እየቆረጠ እየጣለ ዓሣው ብቻ ሲቀር ዋጠው። እዛ የሚበላው ዓሣ ሳንባ ያለው ነው፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ሲወጣ ነው ቆሞ የሚጠብቀው፣ አባትሽ ይሄን ከኔ በላይ ያስረዱሻል። ድሮ ዓሣ አጥማጆቹ እሱን ያየ ሰው መረቡ ባዶ ይወጣል ብለው ይገድሉት ነበር፣ ዛሬ ብዙዎቹ አስጎብኚ ሆነዋል። ቦታው ከ2006 (በፈረንጅ) ጀምሮ ራምሳር በሚባለው ዓለም አቀፍ የረግረግ ቦታዎች ጥበቃ ስምምነት ተመዝግቧል።

ወፍ ወዳድ፦
ጎሪላውን ተይው እህቴ። ጎሪላዎቹ ያሉበት ብዊንዲ ጫካ ከካምፓላ በመኪና ሙሉ ቀን ነው፣ ከዛ ዳገትና ቁልቁለት ጫካ ውስጥ ለሰዓታት በእግር፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይሆንም። መርቺሰን በጣም ያምራል፣ ያ ሁሉ ዓባይ 7 ሜትር በማይሞላ ጠባብ ገደል ውስጥ ተጨንቆ ሲወርድ ማየት ሌላ ነው፣ ግን መሄጃና መመለሻው ብቻ 2 ቀን ይወስድብሻል። ይልቅ ኢንቴቤ እጽዋት ማዕከል አንድ ሙሉ ጠዋት ስጡት። ከ1898 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ስር ቁጭ ብለው ብዙ ያያሉ። ጥቁርና ነጩ ሆርንቢል የሚባለው ትልቅ ወፍ በራሳችሁ ላይ ሲያልፍ የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሮስ ቱራኮ የሚባለውንም ወፍ ይፈልጉት፣ ሲበር ክንፉ ላይ ብልጭ የሚለው ቀይ ቀለሙ ውስጥ መዳብ አለ፣ የኛው ነጌሌ ቦረና አካባቢ ያለው ቱራኮ ዘመድ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ ደሞ ጂንጃ የሚባለው ከተማ ሂዱ፣ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣበትን በጀልባ ቁጭ ብሎ ማየት ነው፣ ለኢትዮጵያዊ ሰው ስሜቱ ይለያል።

መንገደኛ፦
እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ጀልባ ነጂውን ሳትነሱ በፊት አትጠጋብን በይው። እኛ የሄድን ቀን ፎቶው እንዲያምር ብሎ ወፉ ድረስ ገፋው፣ ተነስቶ ሄደ፣ ከኋላችን የመጡ ሁለት አሮጊቶች ከሩቅ አገር መጥተው ሳያዩት ተመለሱ፣ እስካሁን ያሳዝነኛል። ባይኖኩላር ካለ መጠጋት አያስፈልግም። የቢጫ ወባ ካርድ ደሞ አትርሱ ሲገቡ ይጠየቃል፣ ክትባቱ ከመሄጃው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ስለ ወባ መድኃኒትም አባትሽ ሐኪማቸውን ያናግሩ።

የሐዋሳ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጎሪላውንም መርቺሰንንም ትቻለሁ፣ ማባምባ ሁለተኛው ቀን፣ አራተኛውን ለመመለሻ ክፍት አደርገዋለሁ። ትናንት ማታ ደውዬ የጻፋችሁትን ሳነብለት የዓሣውን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ትራሱ ግን እዛ ይገኛል ወይስ ከዱባይ ልያዝ?

ካምፓላ ነዋሪ፦
አትሸከሚ፣ ያረፋችሁበትን ቦታ ማታውኑ ጠይቂያቸው ያውሱሻል። ለሳቸው ኮፍያና ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ያዢላቸው፣ ውሃው ላይ ጥላ የለም።