ለኪስ ማጫወቻ ኤምፒ3 ይበቃል ወይስ ፍላክ?

ጠያቂ፦ የአባቴን የድሮ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። በኋላ ትንሽ የኪስ ማጫወቻ ላይ ጭኜ ልሰማቸው አስቤያለሁ። ድምፁን በጣም አሳንሶ የሚያስቀምጠውን ኤምፒ3 ላድርጋቸው ወይስ ምንም ሳይጥል የሚያስቀምጠውን ፍላክ?

ኤምፒ3 ደጋፊ፦ ኤምፒ3 አድርገህ ተገላገል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ብታደርገው አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፍላክ የዚህን አምስት እጥፍ ይወስድብሃል። ካሴት ራሱ ሹሹታ (ከጀርባ የሚሰማ የ‹ሽሽሽ› ድምፅ) አለው፤ ሹሹታን በጥራት ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? ኤምፒ3 ደግሞ የትም ይሠራል። ታክሲ ውስጥ ያለው ቴፕ እንኳን ከፍላሽ ያጫውተዋል።

ፍላክ ደጋፊ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሪዮ ፒኤምፒ300 የተባለው ማጫወቻ ሲወጣ የነበረው ቦታ 32 ሜጋባይት ነው። ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ብቻ! ያኔ ኤምፒ3 ግዴታ ነበር። በ2001 የአፕል ማጫወቻ አይፖድ ባለ 5 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። ዛሬ ጥፍር የምታክል ባለ 128 ጊጋ ሚሞሪ ወደ 400 ሰዓት ፍላክ ትይዛለች። ስንት ካሴት ነው ያለህ ወንድሜ?

ዋናው ጉዳይ ግን ቦታ አይደለም። ኤምፒ3 ጆሮ አይለየውም ያለውን ድምፅ ይጥላል፣ የጣለው አይመለስም። ነገ ሹሹታውን ላጥራ ብትል የምትሠራው በተቀነሰ ድምፅ ላይ ነው። ፍላክ የገባውን ድምፅ እንዳለ ይመልሳል። ካሴቱ ደግሞ እያረጀ ነው፤ ሁለተኛ ዕድል ላታገኝ ትችላለህ።

ኤምፒ3 ደጋፊ፦ ማጫወቻው ፍላክ ባያነብስ? አይፖድ እኮ አያነብም ነበር።

ፍላክ ደጋፊ፦ ልክ ነህ። አፕል በ2004 እንደ ፍላክ ድምፅ የማይጥል የራሱን ፎርማት፣ አላክን፣ አመጣ፤ ሶኒም መጀመሪያ ላይ ዲጂታል ዎክማኖቹን አትራክ በተባለ በራሱ ፎርማት አጥሮ ነበር። ለዚህ ነው ፋይልን በማጫወቻ ልክ መስፋት የማልወደው። አይፖድ በ2022 ምርቱ ቆመ፣ ፋይሉ ግን ከማጫወቻው በኋላም ይኖራል። ፍላክ ክፍት ፎርማት ነው። ወደ አላክ ብትቀይረው ምንም አይጎድልበትም።

ሌላ አስተያየት፦ ሁለታችሁም ጠያቂው ሁለቱንም ማድረግ እንደሚችል ረሳችሁት። ፍላኩ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ ቅጂውም ሌላ ቦታ ይኑር። ለኪስ በ256 ኪሎቢት ኤምፒ3 ያውጣለት። መንገድ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ልዩነቱን እኔ አልሰማውም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከቴሌግራም የወረደ ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ አትቀይር። ፋይሉ ያብጣል እንጂ ድምፁ አይሻሻልም።