ወንድሜ ከታሰረ 5ኛ ቀኑ ነው፣ 48 ሰአት የሚባለው አይሰራም እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ ወንድሜን ሐሙስ ማታ ከቤት ወሰዱት ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ፍርድ ቤት አላቀረቡትም፣ ፌስቡክ ላይ በፃፈው ነው ይሉኛል ያውም በቃል ብቻ። ስሙን ፕላስተር ላይ ፅፌ ምሳ ዕቃው ላይ ለጥፌ በየቀኑ እወስዳለሁ፣ ጥበቃው ቅመሺ ይለኛል እቀምሳለሁ፣ ከሰአት ባዶውን ይመልሱልኛል። እሱ ይብላው ሌላ ሰው ግን አላውቅም፣ አንዴም አላሳዩኝም። መርማሪው "ምርመራ ላይ ነው" ከማለት ውጪ መልስ የለውም። ምን ላድርግ?

የሕግ ተማሪ፦ አይዞሽ እህቴ። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ላይ በ48 ሰአት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው የሚለው፣ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብም ጠበቃም እንዲያየው ይፈቅዳል። ምርመራ አልጨረስኩም ካለም ዳኛ ፊት አቅርቦ ነው ቀጠሮ የሚጠይቀው፣ በአንዴ ከ14 ቀን በላይ አይሰጠውም። እምቢ ካሉ አካል ነፃ የማውጣት አቤቱታ አስገቢ፣ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 177 ነው። ፍርድ ቤቱ ሰውየውን ይዛችሁ ቅረቡ፣ ለምን እንደያዛችሁት አስረዱ ይላቸዋል። የተያዘበትን ሰአትና ማን እንዳየ ፅፈሽ ያዢ።

የአባቱ ልጅ፦ እኔ ለአባቴ አስገብቼ ትዕዛዙ በደረሳቸው ማግስት ችሎት አቀረቡት፣ ዋስትና ተፈቀደ፣ ብሩን ከፍለን የመፍቻ ትዕዛዙን ይዘን ጣቢያ ሄድን፣ ከዛ ከበሩ ላይ ሌላ ጣቢያ ይፈልገዋል ብለው መልሰው ወሰዱት። እና ዋስ ተፈቀደ ብለሽ ወደ ቤት እንዳትገቢ፣ ጠበቃ ይዘሽ በሩ ላይ ቁሚ። ለሰብአዊ መብት ኮሚሽንም አሳውቂ፣ ጣቢያ ድረስ ሄደው እስረኛ ያያሉ።

እናት፦ እኔን የሚያንገበግበኝ 2010 ላይ ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት ተዘጋ ሲባል በደስታ ያለቀስኩት ነው። 2011 የሲቪል ማህበራቱ ሕግ ተቀየረ፣ 2012 የፀረ ሽብሩ አዋጅ፣ ወረቀቱ ላይ ብዙ ነገር ተስተካክሏል። ከዛ 2014 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ 2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ፣ ሰው አፋር ያለው አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ድረስ ተወስዶ ቤተሰቡ ስንቅ እንኳን ማድረስ አቃተው። መጀመሪያ አስሮ ማስረጃ ኋላ መፈለግ የሚባለው ነገር እስካልቀረ ድረስ ሕንፃ ቢዘጋ ለእኔ ለውጥ አይደለም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የተያዘው ማታ 2፡30 ነው፣ ያየችው ጎረቤት መመስከር ፈራች፣ በር የከፈተችላቸው እናቴ ግን እኔ እመሰክራለሁ ብላለች። ነገ ከምሳ ዕቃው ጋር አቤቱታውንም ይዤ እወጣለሁ።