የድሮው ገበያ ሜዳ አሰሳ፦ በረቂቁ ላይ አስተያየት

ሰብሳቢ፦ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ረቂቅ ይኸውላችሁ። ትምህርት ቤቱ የድሮውን ገበያ ሜዳ ሳያጥረው፣ ጥንት ገበያተኛ የጣለውን ሳንቲም በብረት መፈለጊያ ማሽን እናስስ። ገመድ ዘርግተን በመስመር እንሄዳለን፣ እያንዳንዱ ሳንቲም የተገኘበትን ቦታና ጥልቀት እንመዘግባለን፣ የተገኘውንም እናስረክባለን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል። ፈቃድ ሳይመጣ ማንም ማሽን ይዞ እንዳይወጣ። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ነባር አባል፦ ረቂቁ ላይ «ጠገራ ብር ይገኛል» የሚለው ይውጣ። 28 ግራም የሚመዝን ጠገራ (ማርትሬዛ) የጣለ ሰው ሲፈልግ ያመሻል እንጂ ትቶት ቤቱ አይገባም። መሬት ውስጥ የቀረው ከጣት መሐል የሚሾልከው ትንሹ ሳንቲም ነው፤ የምኒልክ ግርሽ፣ ቤሳ፣ ከዚያ የ1936ቱ የመዳብ ሳንቲም። እንደ ገንዘብ ይዞር የነበረው የጨው አሞሌ እንደሆነ ቀልጦ አፈር ሆኗል።

ወጣት አባል፦ እውነት ነው። ስለዚህ በምስማርና በቆርኪ እንዳይጮህ ብላችሁ የማሽኑን ማጣሪያ ከፍ አታድርጉት፤ ቀጭኗ ግርሽም አብራ ትታፈናለች። ጥይት ራሱ እንደ ገንዘብ ይዞር ስለነበር ቀለሃም ቢሆን ይመዝገብ። ያልተተኮሰ ከተገኘ ግን ማንም እንዳይነካው፣ ፖሊስ ይጠራ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ሁሉ ይቆየኝ። ማሽኑ ማን ቤት ነው የሚያድረው? ረቂቁ ላይ የለም። የተገዛው በሁላችን መዋጮ ነው።

ምክትል ሰብሳቢ፦ እኔ ቤት ነው። ምን ጎደለ?

ገንዘብ ያዥ፦ ባትሪው ውስጡ ተረስቶ፣ ፈሶ፣ መገናኛው አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነው የመጣው። ያስጠገንኩት እኔ ነኝ፤ ደረሰኙ አለ።

ምክትል ሰብሳቢ፦ ደረሰኝ አትቁጠሪብኝ። ከጉምሩክ ለማስለቀቅ ስመላለስ የት ነበርሽ?

ነባር አባል፦ በየተራ ይደር፣ ይለቅ።

ሌላ አባል፦ ተራው በምን ይወጣል? ከከተማ ውጭ ያለነውስ? መዋጮ ሲሆን ነው የምንታወሰው?

ወጣት አባል፦ ወገኖቼ፣ ፈቃዱ ገና አልተጠየቀም።

ሌላ አባል፦ አንተ ደግሞ ማሽኑን ስለምትችልበት አንተ ጋ እንዲሆን ነው።

ምክትል ሰብሳቢ፦ እንዲህ ከሆነ ነገ አስረክባለሁ። ስሜንም ከአመራሩ አውጡት።

ሰብሳቢ፦ ወንድሜ፣ ይህ ከአመራር የሚያስወጣ ነገር አይደለም። አንቺም እህቴ፣ የባትሪው ነገር ይብቃ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለድካሙ አክብሮት አለኝ። የጠየቅሁት የሚቀመጥበት ቦታ እንዲጻፍ ብቻ ነው።

ምክትል ሰብሳቢ፦ ይጻፍ እንግዲህ።

ነባር አባል፦ ማመልከቻውን እጽፋለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ገመድና ችካል እናመጣለን ያሉትም ድምፃቸው ጠፋ።

መምህርት አባል፦ ቁልፍ ያለው ክፍል ከትምህርት ቤቱ እንለምን። ማሽኑም እዚያ ይሆናል፣ እኛም ያለንን ሳንቲም አምጥተን ለልጆቹ እናሳያለን። ክቡ 25 ሳንቲምና ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመው ጎን ለጎን ይቀመጡ። ክቡን ሰው ብር እየቀባ በ50 ሳንቲም ያሳልፈው ስለነበር ነው ቅርጹ የተለወጠው። ልጆች ይህን በዓይናቸው ቢያዩ ከመቶ ገጽ ይበልጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ በዚህ እስማማለሁ። የአባቴን የምኒልክ ብር አመጣለሁ።

ሌላ አባል፦ እኔም አለኝ። አጥቤ ላምጣው?

ነባር አባል፦ በፍጹም! ሎሚም አመድም እንዳይነካው። ጥቁረቱን ከፈተግከው የአንበሳው ጎፈር አብሮ ይሄዳል፣ ዋጋውም ይወድቃል።

ምክትል ሰብሳቢ፦ የመስተዋት ሳጥን የሚሠራ አናጺ አውቃለሁ፤ ነገ አነጋግረዋለሁ።

ወጣት አባል፦ አሰሳውስ? ለአጥሩ ምሰሶ ወርዷል እኮ። ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያን አፈር ማን ያየዋል?

ሰብሳቢ፦ አሰሳው በሁለተኛ ዙር ይገባል። ረቂቁን ለክፍሉና ለሳጥኑ አስተካክዬዋለሁ። የአናጺው ዋጋ ሐሙስ ይድረሰኝ።